በዓይን የማይመረመር ውሃ፤ ስለ ውሃ ማጣሪያ መሣሪያዎችና ስለ ሥራቸው

ውሃ ከቧምቧ ተቀድቶ በብርጭቆ ሲቀርብልን ሁላችንም አስቀድመን የምንመረምረው በዓይናችን ነው። ኩልል ብሎ ከታየን እንጠጣዋለን፤ ደፍርሶ ከታየን እንተወዋለን። ይህ ከአባቶቻችን የወረስነው ልማድ ነው፤ የደፈረሰ ውሃ ለመጠጥ የተመቸ አይደለምና መልካም ልማድም ነው። ዳሩ ግን ነገሩ ሲገለበጥ እውነትነቱ ይቀራል። ኩልል ያለ ውሃ ሁሉ ንጹሕ አይደለም። የኮሌራና የአንጀት ተስቦ ተሐዋስያን እጅግ ረቂቃን ከመሆናቸው የተነሣ በአንድ ብርጭቆ ውስጥ በብዙ ሺህ ቢገኙ እንኳ የውሃውን መልክ አይለውጡም፤ ጣዕሙንም ሽታውንም አይለውጡም።

አንድ ተማሪ በክፍል ውስጥ ተነሥቶ «ውሃው ጥሩ ሆኖ እየታየ በረኪና በረኪና የሚሸት መድኃኒት ለምን ይጨመርበታል?» ብሎ መምህሩን የጠየቀ እንደ ሆነ፥ ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ብዙ ታላላቅ ሰዎችም ይህንኑ ይጠይቃሉ፤ አንዳንዶቹም ሽታውን ከመጥላታቸው የተነሣ የቧምቧውን ውሃ ትተው ካልተጠበቀ ጉድጓድ ያስቀዳሉ። ስለዚህ በዚህ ወር ትምህርታችን ከወንዝ ወይም ከግድብ የተነሣው ውሃ ወደ ቤታችን እስኪደርስ ድረስ በየትኞቹ መሣሪያዎች እንደሚያልፍ፥ እያንዳንዱም መሣሪያ ምን እንደሚሠራና ምን ለመሥራት እንደማይችል ለመግለጽ አስበናል። የማይችሉትን ማወቅ የሚችሉትን ከማወቅ ይልቅ ይጠቅም ይመስለናል። ዘመኑን የጻፍነው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

በክረምት ወራት ከወንዝ የተቀዳ ውሃ በእንስራ ቢቀመጥ አሸዋው ባንድ አፍታ ወደ ታች ይወርዳል። ጭቃው ግን አይወርድም፤ ሌሊቱን አድሮ ጧት ብናየው እንኳ ውሃው እንደ ደፈረሰ እናገኘዋለን። የሸክላ አፈር ቅንጣቶች እጅግ ደቃቆች ናቸው፤ ደግሞም ሁሉም አንድ ዓይነት የኤሌክትሪክ ኀይል ስለ ተሸከሙ እርስ በርሳቸው ይገፋፋሉ እንጂ አይጠጋጉም። ካልተጠጋጉ አይከብዱም፤ ካልከበዱም አይሰጥሙም። ይህን መገፋፋት ለማስቀረት በማጣሪያ ጣቢያ አሉሚኒየም ሰልፌት የተባለ ጨው ይጨመራል። በአገራችንም ይህን ጨው የሚሠራ ፋብሪካ በመልካሳ ተቋቁሟል።

ጨው የሚጨምረው መሣሪያ በየደቂቃው የተወሰነ መጠን ብቻ የሚተፋ ትንሽ ፓምፕ ነው። ጨው የገባበት ውሃ በመጀመሪያ በኀይል ይበጠበጣል፤ ለዚህ አንድ ደቂቃ ያህል ይበቃል። ቀጥሎ ሰፋፊ መቅዘፊያዎች ቀስ ብለው ወደሚዞሩበት ገንዳ ይገባል፤ በዚያም ሃያ ወይም ሠላሳ ደቂቃ ያህል ይቆያል። ጭቃው በዚህ ጊዜ እየተያያዘ የተባዘተ ጥጥ የሚመስል ጓል ይሆናል። መቅዘፊያው በዝግታ የሚዞረው ስለ ምን እንደ ሆነ ወተት የምትንጥ ሴት ያለ አስተማሪ ታውቀዋለች፤ ቅቤው መሰብሰብ ሲጀምር መናጡ ካልቀዘቀዘ የተሰበሰበው ይበተናል። ከዚህ በኋላ ውሃው ወደ ማዝቀጫው ገንዳ ገብቶ ይረጋል፤ ጓሉም ወደ ታች ወርዶ በዝቃጭ መልክ ይወጣል።

እዚህ ላይ አንድ ትንሽ መሣሪያ ሳንጠቅስ ለማለፍ አንፈቅድም። ይኸውም ስድስት ብርጭቆዎች በአንድ መስመር የሚደረደሩበት፥ በየብርጭቆውም ውስጥ አንዳንድ መቅዘፊያ በአንድ ሞተር የሚዞርበት የመሞከሪያ ገበታ ነው። የወንዙ ድፍርስነት በየቀኑ ይለዋወጣልና ትናንት የበቃው የጨው ልክ ዛሬ ከዘነበ በኋላ አይበቃም። ስለዚህ ሠራተኛው በስድስቱ ብርጭቆዎች ውስጥ ልዩ ልዩ መጠን ያለው ጨው ይጨምራል፤ ከዚያም የትኛው ብርጭቆ ቶሎና ጥሩ አድርጎ እንደ ጠለለ ተመልክቶ ፓምፑን በዚያ ልክ ያስተካክላል። ከትልልቆቹ ገንዳዎች ጋር ሲነጻጸር ዋጋው እጅግ አነስተኛ ነው። ገበታው አቧራ ለብሶ ከተገኘ ግን ጣቢያው የሚሠራው በግምት ነው ማለት ነው።

የማጥለል ጥበብ የፋብሪካ ብቻ አለመሆኑም ሊታወቅ ይገባል። በሱዳን አገር በናይል ዳር የሚኖሩ ሴቶች ከእኛ ሽፈራው ጋር ወገን የሆነውን የሞሪንጋ ዛፍ ፍሬ ወቅጠው በድፍርስ ውሃ በመጨመር ያጠሉ ነበር። ዘሩ በውስጡ ያለው ፕሮቲን ጭቃውን የሚያያይዘው አሉሚኒየም ሰልፌት እንደሚያያይዘው ነው። ይሁን እንጂ በዚህም ሆነ በዚያ የተጠለለ ውሃ ጥሩ መስሎ ቢታይም ገና ለመጠጥ አልደረሰም።

የአሸዋ ማጣሪያ

አሸዋ ውሃን እንደሚያጣራ ሰው ያወቀው ከብዙ ዘመን ጀምሮ ነው። ለከተማ ሕዝብ የሚያገለግል የአሸዋ ማጣሪያ በመሥራት ስሙ የታወቀው ግን ጄምስ ሲምፕሰን የተባለው እንግሊዛዊ መሐንዲስ ነው፤ እርሱም በ1829 በለንደን ለቼልሲ የውሃ ኩባንያ ከቴምዝ ወንዝ የሚቀዳውን ውሃ የሚያጣራ ገንዳ አሠራ። በዚያን ጊዜ በሽታ የሚያመጡት ተሐዋስያን መሆናቸው ገና አልታወቀም ነበር፤ የተፈለገውም ድፍርሱን ለማስቀረት ብቻ ነበር። የሠሩት መሣሪያ ከሚያስቡት በላይ ይሠራ እንደ ነበረ የተረዱት ሰዎች ከብዙ ዘመን በኋላ የመጡት ናቸው።

ይህ ማጣሪያ ዝግተኛ ማጣሪያ ይባላል። ከታች ጠጠር፥ ከጠጠሩ በላይ አንድ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ደቃቅ አሸዋ ይነጠፋል፤ ውሃው በላዩ ተኝቶ በየሰዓቱ ከ10 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ብቻ እየወረደ ይጣራል። ማጣሪያው ሥራ በጀመረ በጥቂት ቀናትና ሳምንታት ውስጥ በአሸዋው ፊት ላይ ልጋግ የሚመስል ስስ ሽፋን ይበቅላል። ሽፋኑን የማያውቅ ሰው ቆሻሻ ነው ብሎ ይጸየፈዋል። እውነቱ ግን ከዚህ የራቀ ነው፤ በዚያ ሽፋን ውስጥ የሚኖሩት ጥቃቅን ፍጥረታት ከውሃው ጋር የሚመጡትን የበሽታ ተሐዋስያን እየያዙ ይበላሉ። ሽፋኑ እየወፈረ ውሃ ማሳለፍ ሲሳነው ገንዳው ይደርቅና አንድ ወይም ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ከላይ ተፍቆ ይነሣል። ከዚያም አዲስ ሽፋን እስኪበቅል ድረስ የዚያ ገንዳ ውሃ ለሰው መላክ የለበትም።

በታላላቅ ከተማዎች ብዙውን ጊዜ የሚሠራበት ሁለተኛው ዓይነት፥ ማለት ፈጣኑ ማጣሪያ ነው። በዚህ ውስጥ ውሃው በየሰዓቱ ከ5 እስከ 15 ሜትር ይወርዳል፤ ስለዚህ ለሽፋን ጊዜ የለውም፤ የሚታመነውም ቀደም ብለን በተናገርነው ጨው ላይ ነው። ጨው ያልያያዘው ደቃቅ ነገር በአሸዋው መካከል ሾልኮ ያልፋል። አሸዋው ሲቆሽሽ ውሃ ከታች ወደ ላይ በኀይል ተገፍቶ ያጥበዋል፤ ከእጥበቱ በኋላ በመጀመሪያ የሚወርደው ውሃም እንዲደፋ ያስፈልጋል።

የአሸዋ ማጣሪያ ምን ያህል ሕይወት እንደሚያድን ከሁሉ ይልቅ ያስረዳው በ1892 በጀርመን አገር የሆነው ነገር ነው። ሐምቡርግና አልቶና በኤልበ ወንዝ ዳር ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ከተማዎች ነበሩ፤ ዛሬ አልቶና የሐምቡርግ አንድ ክፍል ሆናለች። በመካከላቸው ከጎዳና በቀር የሚለያቸው አልነበረም። ሐምቡርግ ውሃዋን ከከተማው በላይ ካለው የወንዙ ክፍል ቀድታ፥ በገንዳ ጥቂት አርግታ፥ ሳታጣራ ለሕዝብዋ ትሰጥ ነበር። አልቶና ደግሞ ከሁለቱ ከተማዎች በታች፥ የሁለቱም ፍሳሽ ከገባበት ከዚያው ወንዝ ትቀዳ ነበር። ነገሩን በግምት የሚፈርድ ሰው የአልቶና ሕዝብ ቀድሞ ይጠፋል ባለ ነበር። ነገር ግን አልቶና ውሃዋን በዝግተኛ የአሸዋ ማጣሪያ ታጣራ ነበር።

በዚያ ዓመት በነሐሴ ወር ኮሌራ ገባ። በሐምቡርግ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ8600 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። በአልቶና የታመሙት እጅግ ጥቂቶች ሲሆኑ፥ ከነዚያም ብዙዎቹ በሽታውን የያዙት ሐምቡርግ ውለው ነበር። ጉዳዩን የመረመረው የኮሌራን ተሐዋሲ ያጠና ሮበርት ኮኽ የተባለው ሐኪም ነው። እርሱም በሐምቡርግ ወሰን ውስጥ ሆኖ በአጋጣሚ ከአልቶና ቧምቧ ውሃ የሚቀዳ አንድ ሰፈር እንደ ነበረና በሽታው ያንን ሰፈር ዘልሎ እንዳለፈ አስተዋለ። አፈሩ አንድ፥ አየሩ አንድ፥ ፍሳሹም አንድ ነበር፤ የተለየው ቧምቧው ብቻ ነው። ሐምቡርግም ከዚህ በኋላ በ1893 የራስዋን ማጣሪያ ሥራ አስጀመረች።

ታሪኩን የሚናገሩ ብዙዎች እዚህ ላይ ያቆሙታል። እኛ ግን የሚቀጥለው ከፊተኛው ያልተናነሰ ትምህርት ያለበት ስለ መሰለን እንጨምራለን። ያ ወረርሽኝ ባለፈበት ክረምት በአልቶና ታላቅ ውርጭ ወረደ። ከማጣሪያዎቹ አንዱ ሊፋቅ በደረቀ ጊዜ የአሸዋው ፊት በበረዶ ስለ ተያዘ ማጣሪያው እንደ ቀድሞው መሥራት አቃተው። ዐሥር ጊዜ ብናየው የማናውቀው ጉድለት ነበር። የወጣው ውሃ ከሌሎቹ ገንዳዎች ውሃ ጋር ተቀላቅሎ ወደ ከተማው ሄደ፤ በነሐሴ የዳነችው አልቶናም በ1893 መጀመሪያ ላይ ኮሌራ ታየባት። ኮኽም ከዚህ የተነሣ ውሃው ከተቀላቀለ በኋላ መመርመሩ እንደማይበቃ፥ እያንዳንዱ የማጣሪያ ገንዳ ለብቻው በየዕለቱ መመርመር እንዳለበት፥ በአንድ ኩብ ሳንቲ ሜትር ውስጥም ከ100 የበለጠ ተሐዋስያን የተገኘበት ውሃ ለሕዝብ እንዳይሰጥ አስጠነቀቀ። ዘጠኝ መልካም ገንዳዎች የአንዱን መጥፎ ገንዳ ነውር ይሸፍናሉና።

ስለ ክሎሪንና ስለ ቀሪው

በአሜሪካ በጀርሲ ሲቲ ከተማ በ1908 በክሎሪን ውሃን ያለ ማቋረጥ ማከም ከተጀመረ ወዲህ ይህ ዘዴ በዓለም ሁሉ ተስፋፍቷል። በታላላቅ ጣቢያዎች ክሎሪን በወፍራም የብረት ሲሊንደር ታሽጎ ይመጣል። ይህ ጋዝ በመጠኑ ውሃን የሚያድን ሲሆን ከመጠኑ ሲያልፍ መርዝ ነው፤ በ1915 በኢፕር የጦር ሜዳ ሰው የተገደለበት ይኸው ጋዝ ነው። ስለዚህ ጋዙን የሚመጥነው መሣሪያ በብልሃት የተሠራ ነው። ሲሊንደሩ ጋዙን አይገፋም፤ በጠባብ አፍ በፍጥነት የሚያልፍ ውሃ ጋዙን ይስበዋል እንጂ። ከሚስበው ቧንቧ አንዱ ቢሰነጠቅ የውጭ አየር ወደ ውስጥ ይገባል እንጂ መርዙ ወደ ውጭ አይወጣም። በትናንሽ ከተማዎች ግን የክሎሪን ዱቄት በበርሜል ተበጥብጦ በጠብታ ወይም በትንሽ ፓምፕ ይጨመራል።

ክሎሪን ሥራውን ባንድ አፍታ አይፈጽምም፤ ከውሃው ጋር ቢያንስ 30 ደቂቃ መቆየት ይገባዋል። ደግሞም ተሐዋስያንን ለይቶ አያጠቃም፤ ያገኘውን ቆሻሻ ሁሉ ሲያቃጥል ራሱ ያልቃል። ውሃው ቆሻሻ የበዛበት እንደ ሆነ መድኃኒቱ በቆሻሻው ላይ ተጨርሶ ለተሐዋስያኑ ሳይተርፍ ይቀራል። ስለዚህ ጥያቄው «ምን ያህል ተጨመረ?» ሳይሆን «ምን ያህል ተረፈ?» ነው። የተረፈው ቀሪ ክሎሪን ይባላል፤ ተማሪው የጠየቀው ሽታም ከዚሁ የሚመጣ ነው።

ክሎሪን የማይገድላቸውም አሉ። በ1993 በአሜሪካ በሚልዋኪ ከተማ ክሪፕቶስፖሪዲየም የተባለው ደቂቅ ፍጥረት በፈጣኑ ማጣሪያ ሾልኮ በማለፉ 403,000 ያህል ሰዎች በተቅማጥ እንደ ታመሙ ተገምቷል። ውሃው ክሎሪን ነበረበት፤ ነገር ግን ይህ ፍጥረት ቅርፊቱ ጠንካራ ስለ ሆነ በተለመደው ልክ ክሎሪን አይሞትም። አሁን በብዙ ጣቢያዎች በማይታይ ብርሃን የሚገድሉ መብራቶች በዚህ ምክንያት ተጨምረዋል። እነርሱም ቢሆኑ ጉድለት አላቸው፤ ውሃው ከመብራቱ ካለፈ በኋላ በመንገድ ለሚገባበት ቆሻሻ ምንም አይተርፈውም።

ከነዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነን ግን በካናዳ አገር በኦንታሪዮ ግዛት በዎከርተን የሆነው ነው። ዎከርተን ወደ 5000 የሚጠጋ ሕዝብ የሚኖርባት ትንሽ ከተማ ስትሆን ውሃዋን ከጉድጓድ ታገኝ ነበር። በግንቦት ወር 2000 ብዙ ዝናም ዘነበ፤ ጎርፉም የከብት ፋንድያ ይዞ ጥልቀት በሌለው በአንዱ ጉድጓድ ውስጥ ገባ። ክሎሪን መጨመሪያው መሣሪያ በስፍራው ነበር። ነገር ግን የሚጨመረው ከሚገባው ያነሰ ነበር፤ ያም ጥቂት በፋንድያው ላይ ተጨርሶ ለቀሪ አልበቃም። ሠራተኞቹ ቀሪውን በየቀኑ እንዲለኩ ታዘው ሳለ ሳይለኩ ቁጥሩን በመዝገብ ይጽፉ ነበር። ሰባት ሰዎች ሞቱ፤ ከ2300 በላይ ታመሙ። በኋላ የተሰየመው መርማሪ ጉባኤ፥ ቀሪውን ያለ ማቋረጥ የሚለካ መሣሪያ በጉድጓዱ ላይ ቢተከል ኖሮ ጥፋቱ እንደማይደርስ፥ በየቀኑ በእጅ እንኳ ተለክቶ ቢሆን ጥፋቱ እጅግ ይቀንስ እንደ ነበር ገለጠ።

በእጅ የሚለካው መሣሪያ ከመጽሐፍ የማይበልጥ ትንሽ ሣጥን ነው፤ ኮምፓሬተር ይባላል። ሁለት የመስታወት ቱቦዎችና ከፈዘዘ ሮዝ እስከ ደማቅ ሮዝ የሚደርሱ የቀለም መስታወቶች አሉት። በአንድ የማጣሪያ ጣቢያ ካሉት መሣሪያዎች ሁሉ ሕዝቡ ራሱ ሊይዘው የሚችለው ይህ ብቻ ነው፤ ለዚህም ነው በመምህራን እጅ ቢገባ የምንወደው።

በከተሞቻችን ለዚህ ልዩ ምክንያት አለ። አዲስ አበባ ከለገዳዲ፥ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች፥ እንዲሁም ከአቃቂ ጉድጓዶች ውሃ ታገኛለች፤ የግድቦቹም ውሃ በማጣሪያ ጣቢያ ያልፋል። ይሁን እንጂ በአዲስ አበባም ሆነ በሌሎች ከተሞች ውሃ በተራ የሚለቀቅበት ቀን ብዙ ነው። ውሃ በተቋረጠ ጊዜ ቧንቧው ግፊቱን ስለሚያጣ በተሰነጠቀበት ስፍራ በዙሪያው ያለውን የአፈር ፍሳሽ ወደ ውስጥ ይስባል። ከጣቢያው ንጹሕ ሆኖ የወጣ ውሃ በመንገድ ይቆሽሻል ማለት ነው፤ ቀሪው ክሎሪንም የሚጠብቀው ከዚህ ነው። ከሮቶና ከጀሪካን የቆየ ውሃ ደግሞ ቀሪው ቀስ በቀስ እየጠፋ ይሄዳል።

አለካኩ እንዲህ ነው። ውሃው ከመጣ በኋላ ቧምቧው ጥቂት ጊዜ ክፍት ሆኖ ይፍሰስ። ሁለቱ ቱቦዎች በዚያው ውሃ ተለቅልቀው እስከ ምልክታቸው ይሞሉ። ከሁለቱ በአንዱ ዲ.ፒ.ዲ. የተባለው እንክብል ይጨመር፤ እንክብሉን በእጅ መንካት አይገባም፤ ጊዜው ያለፈበትም እንዳይሆን ይታይ። ከተሟሟ በኋላ ሳይዘገይ፥ በአንድ ደቂቃ ውስጥ፥ ቀለሙ ከመስታወቶቹ ጋር በቀን ብርሃን ይመሳከር። ከቧምቧ በሚቀዳ ውሃ በአንድ ሊትር ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊግራም ቢገኝ መልካም ነው። ምንም ሮዝ ካልታየ ሁለተኛ ጊዜ ይለካ፤ በሌላም ቧምቧ ይሞከር። አሁንም ካልታየ ለውሃ መሥሪያ ቤቱ በዚያው ቀን ይነገር፤ መልስ እስኪገኝ ድረስም የተማሪዎቹ የመጠጥ ውሃ ይፈላ። ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ያሉ ከተሞች፥ አዲስ አበባን ጨምሮ፥ ውሃ ቀድሞ በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላባቸው ከተንፈቀፈቀ በኋላ 3 ደቂቃ በእሳት ላይ ይቆይ።

ለዚህ ሥራ አንድ ደብተር ይበቃል። ቀኑ፥ ሰዓቱ፥ የቧምቧው ስፍራና የተገኘው ቁጥር በለካው ተማሪ እጅ ይጻፍ። ያልተለካበት ቀን ባዶ ይቀመጥ፤ ዜሮ የተገኘበትም ቀን ዜሮ ተብሎ ይጻፍ።